ቁርጠት ማስታገሻውን የጨጓራ መድኃኒት አታድርጉት

«ለሁለት ሳምንት ሰጠናቸው፤ አብዛኞቹ ተሻላቸው።» ሰሞኑን ቡስኮፓን የተባለው የቁርጠት ማስታገሻ፣ ምርመራው ምንም ላላሳየው የጨጓራና የዱዎዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል) ሕመም በመደበኛነት ይታዘዝ የሚሉት ወገኖች ትልቁ ማስረጃ ይኸው ነው። ማስረጃ ከተባለ።

ከማን ተሽለው ነው የተሻላቸው? መድኃኒት የሌለበት የይስሙላ ክኒን የወሰደ ቡድን የለ! ይህ ሕመም መጣ ሄደት የሚል ነው። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሲብስበት ስለሆነ፣ ምንም ባይሰጠውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀለል ሊለው ይችላል። በደንብ በተሠሩ ሙከራዎች የይስሙላ ክኒን ከወሰዱት ሲሶ ያህሉ «ተሻለኝ» ይላሉ።

የባሰው ግን የላይኛው ሆድ ሕመም ሁሉ ቁርጠት መስሎ መታየቱ ነው። የጨጓራ የላይኛው ክፍል ምግብ ሲገባ ላልቶ ቦታ ይሰጣል፤ የታችኛው በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ይፈጫል፣ ወደ ዱዎዲነምም ያሳልፋል። አንድ ከረጢት፣ ሁለት ተቃራኒ ሥራ። እንደ ቡስኮፓን ያለ፣ አሴቲልኮሊንን (ጡንቻው እንዲኮማተር የሚያዘውን የነርቭ ኬሚካል) የሚያግድ መድኃኒት ይህን አይለይም፤ ያገኘውን ያላላል። ጥቂት ቀምሶ «ጠገብኩ፣ ተነፋሁ» የሚል ሰው ላይ ወፍጮውን ስታቆሙበት ምግቡ እዚያው ይከርማል። የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ የሚገናኝበት በርም አብሮ ስለሚላላ ቃር ይጨመርበታል። ጃፓን በ2013 ለዚሁ ዓይነት ሕመም የፈቀደችው አኮቲያሚድ የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ይዞ አሴቲልኮሊኑ እንዲበዛ ያደርጋል። ለአንድ ሕመምተኛ ፍሬኑንም ነዳጁንም ማዘዝ ሕክምና አይደለም።

«በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ) አንጀቱ ፀጥ ሲል ዓይናችን አይቷል» ይላሉ። እርግጥ ነው፤ 20 ሚሊግራም በደም ሥር ሲሰጥ እንቅስቃሴውን ለደቂቃዎች ያበርደዋል። ለእውነተኛ ቁርጠትም ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ከመርፌ ወደ ክኒን በምን ድልድይ ተሻገሩ? ከሚዋጠው 10 ሚሊግራም ወደ ደም የሚገባው 1 በመቶ አይሞላም።

ጥናት ከሆነ እንደ ጥናት ይሠራ። አስቀድሞ ኢንዶስኮፒ፣ ከዚያ የኤች ፓይሎሪ (የጨጓራ ባክቴሪያ) ምርመራ፤ የትንፋሽ ምርመራ ከሆነ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የአሲድ መቀነሻዎች 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ 4 ሳምንት ቀድመው ይቁሙ፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ይመጣል። ከምግብ በኋላ የሚከብዳቸውና የእምብርት በላይ ሕመም ያለባቸው እንዲህ ያሉ ሕመሞች በሚለዩበት በ2016ቱ የሮም መስፈርት ተለይተው ይመደቡ፤ ሁለቱን መቀላቀል አንዱን የረዳውንና ሌላውን የጎዳውን አጣፍቶ «ለውጥ የለም» ያሰኛል። ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ የተባለ የዓይን ሕመም ያለበት፣ በፕሮስቴት ምክንያት ሽንቱ የሚቋጠርበት ሰው ጭራሽ አይግባ።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ተሳታፊ የትኛውን ክኒን የወሰደ እንደሚመስለው ይጠየቅ። የዚህ ዓይነት መድኃኒት አፍ ያደርቃልና፣ አፉ የደረቀበት ሰው መልሱን ገና ድሮ ደርሶበታል፤ «ተሻለኝ» የሚለውም ያንኑ ይዞ ነው።