ማድያቴን በእንፋሎት ልታክሙ የምትፈልጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉኝ

ዛሬ ልናገር ነው። ብዙ ጊዜ አምቄ የያዝኩት ስለሆነ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ፊቴ ላይ ማድያት አለ። ሁለቱ ጉንጮቼ ላይና ከከንፈሬ በላይ። በእርግዝና ጊዜ መጣ፣ ከወለድኩ በኋላም አልለቀቀኝም። በብዙ ሴት ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ያስመረረኝ ግን ማድያቱ አይደለም፣ መድኃኒት አዛዡ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሱቅ ቆሜ ዘይት ስገዛ፣ አይቻት የማላውቅ ሴት ፊቴን ትክ ብላ ታየኝና "የኔ እህት፣ ይሄን ነገር ለምን አትታጠኚውም?" ትለኛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ድስት ሙሉ ውሃ አፍይ፣ ባሕር ዛፍ ጨምሪበት፣ ሎሚ ጭመቂበት፣ ፎጣ ተከናነቢና ላብሽ ጠብ ጠብ እስኪል ከላዩ ላይ አትነሺ። ለማድያት!

እሺ፣ ማድያት ምንድን ነው? ቆዳችን ውስጥ ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። እነሱ ከልክ በላይ ሲሠሩ ነው ያ ጥቁር ነገር የሚወጣው። የሚቀሰቅሳቸው አንዱ ሆርሞን ነው፣ ለዚህ ነው በእርግዝናና በአንዳንድ የወሊድ መከላከያ ጊዜ የሚመጣው። ሌላው ፀሐይ ነው። ሦስተኛው ሙቀት ነው። አዎ፣ ሙቀት! የቆዳ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "እንጀራ የምትጋግሪው አንቺ ነሽ?" ብላ ነው። ያኔ ነገሩ ገባኝ። አክንባሎውን ከፈት ስታደርጉት ያ እንፋሎት ቡፍ ብሎ ግንባርና ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ታውቁታላችሁ አይደል? አንድ እንጀራ በወጣ ቁጥር አንዴ። ሠላሳ እንጀራ የጋገረች ሴት ሠላሳ ጊዜ ትታጠናለች ማለት ነው፣ ያውም ከስር የምጣዱ ግለት ሳይቆጠር። መታጠን ማድያት የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ የዚህ አገር እናቶች ፊት ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ባልተገኘ ነበር። ሐኪሟ ከእሳት ራቂ ትለኛለች፣ ሰው ደግሞ ድስት ላይ ተደፊ ይለኛል።

እንፋሎትን ጠልቼ አይደለም። እናቴ ጉንፋን ሲይዘን ባሕር ዛፍ አፍልታ ታጥነን ነበር፣ እስከ ዛሬ ሽታው ይናፍቀኛል። በ2012 ኮሮና የገባ ጊዜም አገሩ በሙሉ ሲታጠን ነው የከረመው። ቫይረሱን አይገድለውም፣ የተዘጋ አፍንጫ ግን ለጊዜው ቀለል ያደርጋል። ፊት ላይም ቢሆን የሚሠራው ሥራ አለው። የላይኛውን የሞተ ቆዳ ያረጥባል፣ በወዝ የተደፈነውን ቀዳዳ ያለሰልሳል፣ ደም ወደ ፊት ስለሚመጣ ለጥቂት ጊዜ ፊት ፈካ ይላል። በቃ፣ ይሄው ነው። "ቀዳዳውን ይከፍተዋል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ትዘጊዋለሽ" የሚባለውም እውነት አይደለም። የፊት ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ የለውም። ውስጡ ያለው ወዝ ነው የሚለሰልሰው።

የሚያናድደኝ ይህችን ትንሽ ጥቅም ለሁሉም በሽታ ማዘዛቸው ነው። ቡግር ታጠኝ። ማድያት ታጠኝ። ጠባሳ ታጠኝ። ፊትሽ ደርቋል ታጠኝ። ፊትሽ ወዛም ነው ታጠኝ። እንዴት ነው አንድ ድስት ውሃ የደረቀውንም የወዛውንም የሚያድነው? እንዲያውም ብዙ የታጠነ ፊት ይብስ ይደርቃል፣ ምክንያቱም ቆዳው የራሱን እርጥበት የሚይዝበት ቅባት አብሮ ይሄዳል።

የአክስቴ ልጅ ገና 17 ዓመቷ ነው፣ ቡግር አለባት። ቲክቶክ ላይ ባየችው መሠረት ታጠነች፣ ፊቷ ሲለሰልስ መስታወት ፊት ቆማ በጥፍሯ ጨመቀችው፣ ከዚያ ግማሽ ሎሚ አሸችበትና በጠራራ ፀሐይ ትምህርት ቤት ሄደች። ሳያት አንጀቴ አረረ። በጨመቀችበት በጨመቀችበት ጥቁር ምልክት፣ ሎሚው የወረደበት ቦታ አገጯ ድረስ መስመር ሠርቶ ተቃጥሏል። የእኛ ትንሿ ሎሚ ቆዳ ላይ ቀርታ ፀሐይ ሲያገኛት እንደምታቃጥል የቆዳ ሐኪሞች ሁሉ ያውቁታል። ቡግሩ እኮ በራሱ ጊዜ ይከስማል። በጠይም ቆዳ ላይ የሚተወው ጥቁር ጥላ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ። ልጅቷ አሁን ፎቶ መነሳት አትፈልግም። ያንን ቪዲዮ የሠራችው ሴት ደግሞ ፊቷን በፊልተር አለስልሳ ሌላ ቪዲዮ እየሠራች ነው።

ስለ ቃጠሎም ማንም አይናገርም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። "እንግዲያው ቀዝቀዝ ይላል" የምትሉ አትሳሳቱ። 1 ግራም እንፋሎት ቆዳ ላይ አርፎ ወደ ውሃ ሲመለስ ብቻ 540 ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይለቃል፣ ያው 1 ግራም የፈላ ውሃ ደግሞ እስከ ሰውነታችን ሙቀት ድረስ ቢቀዘቅዝ 60 ካሎሪ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ እንፋሎት ከፈላው ውሃ ይብሳል እንጂ አያንስም። ድስቱ ደግሞ የሚቀመጠው በርጩማ ላይ ነው፣ ሴትዮዋ በፎጣ ተሸፍናለች፣ አታይም፣ ሕፃን ልጅ እዚያው እግሯ ስር ይሯሯጣል። ከዚህ በላይ ምን ልበል? መታጠን የምትወዱ ተዝናኑበት፣ ግን እባካችሁ ውሃውን ከእሳት አውርዱትና በደንብ ተንፈስ ይበል፣ ፊታችሁን ቢያንስ ሁለት ስንዝር አርቁ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ በሳምንት አንዴ። ካቃጠላችሁ አቁሙ። "ሲያቃጥል ነው የሚሠራው" የሚባል ነገር የለም።

ቴሌግራም ላይ ያቺን የፕላስቲክ የፊት መታጠኛ ማሽን የምትሸጡም አላችሁ። ንግድ ነው፣ ሽጡ። ግን ከስሩ "ማድያትን ከሥሩ ይነቅላል" ብላችሁ መጻፋችሁ ምን የሚሉት ነው? አንዷን በውስጥ መስመር "ሙቀት ማድያት ያባብሳል እኮ" አልኳት። "ደንበኞቻችን ሁሉ ወደውታል እህቴ" ብላ የዋጋ ዝርዝር ላከችልኝ። አብሮም ከታጠንኩ በኋላ የምቀባው ስም የሌለው ነጭ ክሬም፣ በማንኪያ ተቀንሶ በትንሽ ዕቃ የታሸገ። እንዲህ ዓይነቱ ክሬም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ፊትን ያፈካል፣ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳ ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ፊት ይቀላል፣ ያብጣል። እንዲህ በሳሳ ቆዳ ላይ እንፋሎት ጨምሩበትና አስቡት።

ሰው ሐኪም ጋ ለምን እንደማይሄድ አውቃለሁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ የግሉ ውድ ነው፣ ለፊት ብሎ ከሥራ መቅረት ቅንጦት ይመስላል። አለርት ሆስፒታል ሄዶ ወረፋ የጠበቀ ያውቀዋል። ድስትና ውሃ ደግሞ ቤት አለ። ይገባኛል። ግን የሌላ ሰው ፊት ላይ እንዲህ በድፍረት ማዘዝ ከየት መጣ? "ተጨንቀሽ ነው"፣ "ባልሽ ምን ይላል"፣ "ቀድሞ እንዴት ቆንጆ ነበርሽ"... ይሄን ሁሉ ከመታጠኑ ጋር መርቀው ነው የሚሰጡኝ።

ለእኔ ትንሽ የረዳኝ ነገር አሰልቺ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጋገራውን ለሌላ መስጠት፣ ሐኪም ያዘዘችልኝ ክሬም ማታ ማታ፣ ጠዋት ሰንስክሪን። ሰንስክሪኑም ባለቀለሙ ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ተራው ሰንስክሪን የማይከለክለውን የሚታይ ብርሃን ይከላከላል፣ እሱም ጠይም ቆዳ ላይ ማድያት ይቀሰቅሳል። ችግሩ ለእኛ ቀለም የሚሆነው አይገኝም፣ ያገኘሁት ሁሉ ወይ ሮዝ ነው ወይ አመድ የተነፋብኝ ያስመስለኛል። ለጠይም ፊት የሚሆን፣ ዋጋውም የማይጎዳ፣ ማሸጊያው ያልተከፈተ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በጣም እፈልገዋለሁ። ስለ መታጠን የሚጽፍ ካለ ግን አጠፋዋለሁ።