መስቀል ሰሞን የመጣው ፖስታ የት ገባ?

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው።

በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲገባ ፋርማሲ ሄደን እንጮኻለን። «ባለፈው ወር 10 ዶላር የከፈልኩበት እንዴት 60 ሆነ? ማን ነገረን?» ተነግሮናል እኮ! የሜዲኬር (በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ፓርት ዲ፣ ማለትም የመድኃኒት ኢንሹራንስ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚለውጠውን ሁሉ እስከ ሴፕቴምበር 30 በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ልክ መስቀል ሰሞን ማለት ነው። እኛ ደመራ ላይ፣ ደብዳቤው ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ቆሻሻ ውስጥ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። የእናቴን ደብዳቤ አንድ ዓመት ሳልከፍት ጣልኩት። ጃንዋሪ ላይ የደም ግፊት መድኃኒቷ ኢንሹራንሱ ብዙ ወደሚያስከፍልበት የዋጋ ደረጃ ተዛውሮ ጠበቀን።

በተለይ እናንተ ልጆች! የእማማን ስልክ ታስተካክላላችሁ፣ የባንክ ጉዳያቸውን ትጨርሳላችሁ። ይህን ፖስታ መክፈት ምን ከበዳችሁ? ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ፕላን መቀየር ይቻላል። የመድኃኒት ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ስማቸውን ከነሚሊግራሙ ሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ አስገቡና አወዳድሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ 1-800-633-4227 ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚው በነጻ ነው።

ደግሞ ይሉኝታችን! ፋርማሲስቱ «ኢንሹራንሱ አይሸፍነውም» ሲል አንገታችንን ደፍተን እንመለሳለን። መብታችሁን የሚገልጽ ወረቀት ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ተቀበሉት። ኢንሹራንሱ መድኃኒቱን ይሸፍን እንደሆነ እንዲወስን ስትጠይቁ በ72 ሰዓት መልስ መስጠት አለበት፤ አስቸኳይ ከሆነ በ24 ሰዓት። «ያለ ኢንሹራንስ በካሽ ስንት ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። አንዳንዴ በካሽ ይረክሳል። ድሮ አንዳንድ ውሎች ፋርማሲስቱ ይህን እንዳይናገር አፉን ይለጉሙት ነበር። በ2018 የወጣ ሕግ ልጓሙን አወለቀ፤ ግን ካልጠየቃችሁት ላይነግራችሁ ይችላል።

65 ዓመት ሞልቷችሁ በመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ላይ ያላችሁ ደግሞ አለቃችሁ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 በፊት የሚሰጣችሁን ደብዳቤ አትጣሉ። የመድኃኒት ሽፋናችሁ ከሜዲኬር ጋር ይመጣጠን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ተመጣጣኝ ሽፋን ሳይኖራችሁ 63 ቀን ከቆያችሁ፣ ያለ ሽፋን ለቆያችሁበት ለእያንዳንዱ ወር በሜዲኬር መነሻ ወርሃዊ ክፍያ ላይ የሚሰላ 1 በመቶ ቅጣት በፓርት ዲ ወርሃዊ ክፍያችሁ ላይ ይደመርባችኋል። ፓርት ዲ እስካላችሁ ድረስ አይነሳም። ታዲያ ያ ወረቀት ፍሪጅ ላይ አይለጠፍ፤ ከፓስፖርታችሁ ጋር ይቀመጥ።