የላባ ድርሻ

ነገሩን ያመጣው ምድጃው ጥግ ጆንያ ላይ የተኛው ግልገል ነው። ኅዳር 12 ቀን፣ መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የሚካኤል ማኅበር ተረኛ የሆኑ ሰዎች ቤት ነበርን። ሌሊቱን ውርጭ ስለወረደ ከተወለደ ሦስት ቀን ያልሞላውን ግልገል ቤት አስገብተውታል። ጠላው ሁለተኛ ዙር ሳይደርስ አንዱ እንግዳ አየውና «ይኼ ከሰል ደግሞ ከየት መጣ?» አለ። እናቲቱን ስንገባ ደጅ ላይ አይተናታል፤ ነጭ ናት። የቤቱ አውራ በግም ነጭ ነው።

«እኔም እሱኑ ነው የምጠይቀው» አሉ አባወራው። «የጎረቤቴ አውራ ጥቁር ነው። እረኛው ልጅ ግን አልተገናኙም ብሎ ይምላል።»

ጎረቤትየው እዚያው ተቀምጧል። «የኔ በግ አጥር አይዘልም!» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ግማሹ ግን ሳቅ አልነበረም። ጥቁር በግ ገበያ ላይ ይረክሳል፤ የጥፋቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ብር አለው።

መሪጌታ ጣሳቸውን አስቀምጠው «ልጁንም ጎረቤቱንም አትውቀሱ» አሉ። «በጓ ስትፀንስ ጥቁር ነገር አይታ ይሆናል። ዘፍጥረት 30ን አታነቡም? ያዕቆብ የአማቱን የላባን መንጋ ሲጠብቅ እርጥብ በትር እየላጠ፣ ነጭ ሽንትር እያወጣበት ውኃ ማጠጫው ላይ አቆመ። በጎቹ እሱን እያዩ ፀነሱና ዝንጉርጉር ወለዱ።»

የባለቤቲቱ የእህት ልጅ፣ ባዮሎጂ የምታስተምር ወጣት፣ ቡናውን ትታ ቀና አለች። «መሪጌታ፣ እርስዎ ከመጽሐፍ አመጡ፤ እኔ ደግሞ ከገዳም ላምጣ። ሜንዴል የሚባል መነኩሴ ነበር፤ ብርኖ በምትባል፣ ዛሬ ቼክ ውስጥ ባለች ከተማ። እ.ኤ.አ. ከ1856 እስከ 1863 በገዳሙ ጓሮ አተር ሲዘራ ኖረ። ክብ ፍሬ ያለውን ከተጨማደደው ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ልጅ ሁሉም ክብ ሆነ፤ የተጨማደደው ድራሹ ጠፋ። ያንኑ ክቡን መልሶ ዘርቶ በራሱ እንዲዳቀል ሲተወው የጠፋው ተመልሶ መጣ። ቁጭ ብሎ ቆጠረው፤ 5474 ክብ፣ 1850 የተጨማደደ። ሦስት ለአንድ ማለት ነው።»

«ይህን ሁሉ አተር ሲቆጥር ጸሎቱን መቼ አደረሰ?» አሉ መሪጌታ።

«ሲቆጥር ይሆናላ!» አለች። መሪጌታ ፈገግ አሉ። እኔ በበኩሌ የሰውየው ዕጣ ያሳዝነኛል። ሥራውን በ1866 አሳትሞ፣ በ1884 ሞቶ፣ ዓለም ልብ ያለው በ1900 ነው። ያኔም ሦስት ሰዎች በየፊናቸው ያንኑ ነገር ደርሰውበት ወደ ኋላ ሲያዩ ነው ያገኙት።

ልጅቷ የቆሎውን ሰሐን ሳበችና ከመሐሉ ገብስና ሽምብራ ለቀመች። «እያንዳንዱ በግ ለጠጉሩ ቀለም ሁለት ፍሬ ይይዛል፤ አንዱ ከአባቱ፣ አንዱ ከእናቱ። እሱም በተራው ሲወልድ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ የትኛውን እንደሚሰጥ አይመርጥም። ገብሱን ነጭ በሉት፣ ሽምብራውን ጥቁር። ገብስ እስካለበት ድረስ በጉ ነጭ ነው። ሽምብራው ይጋረዳል እንጂ አይሞትም። ሁለት ሽምብራ የተገናኙ ዕለት ጥቁር ይወለዳል።» ሌላ ዓይነት፣ ራሱ ነጩን የሚጋርድ ጥቁር በአንዳንድ በጎች ላይ እንዳለም አልደበቀችም፤ እዚህ ሰፈር ግን ከነጭ መሐል ጥቁር ብቅ ሲል የተለመደ ስለሆነ የተደበቀውን ዓይነት ትጠረጥራለች።

አንድ ገብስና አንድ ሽምብራ በቀኝ እጇ፣ አንድ ገብስና አንድ ሽምብራ በግራ እጇ ያዘች። «እትዬ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ከዚህም አንድ ከዚያም አንድ ያውጡ።» እትዬ፣ የቤቱ እመቤት፣ ስምንት ጊዜ አወጡ። ሦስቱ ሽምብራ ከሽምብራ ሆነ።

«ከስምንት ሦስት!» ብሎ ጮኸ የበግ ነጋዴው። «ሦስት ለአንድ፣ ማለትም ሩብ ያልሽው ወዴት ሄደ?»

«መነኩሴው የቆጠረው 7324 ፍሬ ነው፤ አንተ በስምንት ትይዘኛለህ?»

አባወራው ግን ሌላ ነገር ገብቷቸዋል። «እንግዲህ ጥቁሩ ከወጣ የሚቀጥሉት ሦስቱ ነጭ ናቸዋ?» አይደለም። በጓ የባለፈውን አትቆጥርም፤ በየወሊዱ እጇን እንደ አዲስ ትዘረጋለች። ይህቺን ለማስረዳት ሌላ ዙር ጠላ ፈጅቷል።

ጎረቤትየው ግን ነፃ ወጣሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ልጅቷ አስተነፈሰችው። ጥቁሩ ከተደበቀው ዓይነት ከሆነ ግልገሉ በርግጠኝነት የሚመሰክረው በእናቱ ላይ ነው፤ እሷ ሽምብራ ይዛለች። አባቱ የቤቱ ነጭ አውራ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤት ጥቁርም ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ጥቁሩ ቢሆን ዕድሉ ከሩብ ወደ ግማሽ ይወጣል። «ዘር ከልጓም ይስባል» አሉ አንድ ሽማግሌ ከወደ ማዶ፣ ለማን እንዳሉት ባይታወቅም።

«ቀላል ነው» አሉ አባወራው፤ «ጥቁር የተወለደ ሁሉ ይሸጣል። በጥቂት ዓመት በረቱ ይጠራል።»

እዚህ ላይ ልጅቷ ስልኬን ተቀብላኝ ስሌት ጀመረች። መቶ በግ ባለበት መንጋ፣ ማንም ከማንም ጋር ሳይመረጥ የሚገናኝ ከሆነ፣ አራቱ ጥቁር ቢሆኑ ሽምብራ ደብቀው የያዙት ነጮች 32 ናቸው። አራቱን ስታባርር ሠላሳ ሁለቱ ነጭ ለብሰው ቤት ይቀራሉ። በሚቀጥለው ትውልድ ጥቁሩ ወደ ሦስት ግድም ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ሁለት። አሥር ትውልድ ሙሉ አንድም ጥቁር ሳታስወልድ ብትቆይ እንኳ ከሺህ አራት ያህል ብቅ ይላል። «አሥር ትውልድ በበግ ስንት ነው?» አሉ ሽማግሌው። ከጎኔ የተቀመጠው የግብርና ልማት ሠራተኛ «ሠላሳ ዓመት ግድም» አለ። አባወራው ግልገሉን ዞር ብለው አዩት፤ እሱ እንቅልፉን ይለጥጣል።

የዚህ ስሌት ባለቤት ሃርዲ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው ነው፤ በዚያው በ1908 ቫይንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪምም ለብቻው ደርሶበታል። ሃርዲ፣ የሚጋርደው ዘር የሚጋረደውን ቀስ በቀስ ይውጠዋል ለሚሉ ሰዎች የሰጠው መልስ ነበር፤ የሚገፋ ነገር ከሌለ አይውጠውም፣ ድርሻው ባለበት ይቆያል። ሃርዲ የኔ ሒሳብ ለምንም አይጠቅምም እያለ የሚኮራ ሰው ነበር። መንዝ ውስጥ በግ ሲቆጠርበት ቢያይ ይናደድ እንደሆነ እንጃ።

እስከዚህ ጨዋታ ነበር። ነገሩ የጠነከረው ነጋዴው ደጅ ላይ ስላየው አንድ ጠቦት ሲያነሳ ነው። እኔም አይቼዋለሁ፤ ከእኩዮቹ ጭንቅላት ሙሉ የሚበልጥ፣ ላቱ የሰፋ፣ ጠጉሩ የደነደነ፣ ስድስት ወር እንኳ በቅጡ ያልሞላው ወንድ ጠቦት። ለገና ጭነት ፈልጎታል።

«እሱን ነበር ማስቀረት» አለ የልማት ሠራተኛው።

«ገበያው ትልቅ ነው የሚፈልገው። ቀጫጫውን ገዝቼ አዲስ አበባ ምን ላድርገው?»

ሽማግሌው ጣልቃ ገቡ። በልጅነታቸው የመንዝ በግ ከዚህ ይበልጥ ነበር፤ ከአንድ መንጋ ጠጉር በርኖስም ባናም ይወጣ ነበር፤ አሁን ግን በጉ አነሰ። አባወራው ይህን በሣሩ ያሳብባሉ፤ ግጦሹ ታርሷል፣ ፉርሽካ ቢበላ ሁሉም ይገዝፋል። እንዲያውም ዘንድሮ እናቲቱን በደንብ ከቀለቧት ልጇም የልጅ ልጇም ትልቅ ይሆናል ባይ ናቸው።

እትዬ ከምድጃው አጠገብ ሆነው «ከአብርሃም ጀምሮ ወንዶቹን ስንገርዝ ኖርን» አሉ። «እስከ ዛሬ ተገርዞ የተወለደልን አለ?»

ከዚያ በኋላ ስለ ፉርሽካ የተናገረ የለም። በሕይወት ያገኘኸው ሥጋ የአንተ ነው፤ ለልጅህ የምትሰጠው የተቀበልከውን ፍሬ ነው። ይህን ከማስተማሪያ መጻሕፍት በሙሉ እትዬ አሳጥረው ነገሩን።

የልማት ሠራተኛው ቀጠለ። ክብደት እንደ ጠጉር ቀለም በአንድ ጥንድ ፍሬ አይወሰንም፤ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፣ በላዩ ላይ ሣሩ አለ። የሆነው ሆኖ ከሚወለደው መሐል ፈጥኖ የሚያድገው ከፊሉ በዘሩ ነው፤ እኛ ደግሞ ፈጥኖ ስላደገ ፈጥነን እንሸጠዋለን፤ አንዲት እናት በግ ሳያጠቃ ይታረዳል። ገዢ ያጣው ኮሳሳ እዚሁ ቀርቶ የመንጋው ሁሉ አባት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ መሐል ሜዳና ሞላሌ አካባቢ ገበሬዎች ጠቦቶቻቸውን አንድ ላይ አምጥተው፣ የስድስት ወር ክብደታቸውን አስመዝነው፣ የተመረጠውን አውራ በጋራ መጠቀም የጀመሩት ይህንን ለመገልበጥ ነው።

«አዋሲ የሚባል የበግ ዝርያ አምጥተው የለ እንዴ፣ ከእስራኤል?» አለ ጎረቤትየው። መጥቷል፤ ደብረ ብርሃን ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅሏል። የመጀመሪያው ዲቃላ ግዙፍ ነው፤ ዲቃላውን ከዲቃላው ጋር ስታገናኝ ግን አንዱ ወደ አዋሲ አያቱ፣ ሌላው ወደ መንዝ አያቱ ይሄዳል። ደግሞም ትልቅ አካል ትልቅ ቀለብ ይፈልጋል፤ የመንዙ በግ በውርጭና በጥቂት ሣር ኖሮ መውለድን ያወቀበት ነው።

ነጋዴው ሲጠበብበት ወደ ሌላ ሸሸ። «ቀጥላችሁ ደግሞ ጓሳ ላይ ያለው ጭላዳ አያታችሁ ነው ልትሉን ነው!» ልጅቷ «አያት ነው ያለ የለም፤ ጭላዳ ቢበዛ የሩቅ ዘመድ ነው፣ እሱም በራሱ መንገድ ሄዶ ሣር በል ሆኗል» አለች። አንድ ሁለት ሰው ተቆጣ፣ እትዬ ጠላ ቀዱ፣ አለፈ።

መሪጌታ ግን ከቅድሙ ጀምሮ ዝም ብለው ነበር። ጺማቸውን እያሻሹ «ቅድም የጀመርኩትን ንባብ አልጨረስኩም» አሉ። «ያዕቆብ በትሩን የሚያቆመው ብርቱዎቹ ሲፀንሱ ነው፤ ለደካሞቹ አያቆምም። ደካሞቹ ለላባ፣ ብርቱዎቹ ለያዕቆብ ሆኑ ይላል። ምዕራፍ 31 ላይ ደግሞ ለሚስቶቹ ሕልሙን ሲነግራቸው በትሩን አያነሳውም። መልአኩ ዓይንህን አንሥተህ እይ ያለው በመንጋው ላይ የሚንጠላጠሉትን አውራዎች ነው፤ ዝንጉርጉሮቹ እነሱ ነበሩ።» ወደ ነጋዴው ዞሩ። «አንተ እንግዲህ ያዕቆብ ነህ። እኛ የላባን ድርሻ ይዘን እንቀራለን።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷ ስኒውን እንደያዘች ቀረች።

እኔ ፍረድ ብባል በጥቁሩ ግልገል ነገር ለአስተማሪዋ እፈርዳለሁ፤ ጎረቤትየውም ካሳ አይክፈል፣ ነፃ ወጣሁም አይበል። በትልቁ ነገር ግን ለመሪጌታ ነው የምፈርደው። ዝግመተ ለውጥ ሲባል እኔ የሚታየኝ ድንቅነሽና የድንጋይ አጥንት ነበር። ያን ቀን የገባኝ፣ አንድም በግ ሳይለወጥ መንጋው ሊለወጥ እንደሚችል ነው፤ ማን ወልዶ ማን ሳይወልድ ሄደ የሚለው ብቻ ይበቃል፤ ይህን ደግሞ እኛው በየገናው በየፋሲካው በገመድ እየጎተትን ገበያ ላይ እናደርገዋለን። ሽማግሌው በጉ አነሰ ያሉት ስንቱ ከሣሩ ስንቱ ከዘሩ እንደሆነ በጠላ ቤት ወግ አይለይም፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መጎተታቸው ግን አያጠራጥርም። ነጋዴውንም አልወቅሰውም። እሱ የከፈለው ለሥጋው ነው፤ ለአባትነቱ ዋጋ የጠየቀው ሰው የለም።

ማስቀረቱ ደግሞ የሚባለውን ያህል ከባድ አይመስለኝም። አንድ አውራ ለሃያ እናት በግ ይበቃል፤ ሦስት አራት ቤት ተስማምቶ አንድ ጠቦት አንድ ወቅት ቢያቆይ፣ ከዚያ ገዝፎ ቢሸጠው ብዙ አይጎዳም። የምፈራው ሌላውን ነው፤ ያው አውራ እዚያው ቆይቶ ሴት ልጆቹን ማጥቃቱን። የተደበቀ ሽምብራ ከዘመዱ ሽምብራ ጋር የሚገናኘው ያኔ ነው፤ ጠጉር ከማጥቆር የባሰም ተደብቆ የሚኖር ነገር አለ። ለሰው ጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ለበጉ ሁለት ቤት እንኳ አንቆጥርም። አውራውን ከማዶ መንደር ጋር መለዋወጥ ያስፈልጋል።

ስንወጣ ነጋዴው ጠቦቱን ላቱ ሥር እየዳሰሰ ቅድም ከጠራው ላይ አምስት መቶ ብር ጨመረ። አባወራው የማዳበሪያ ዕዳ እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። እሺም እምቢም አላሉም፤ ጣታቸውን እያጠፉ ወራት ይቆጥሩ ነበር። እትዬ ከበሩ ላይ ሆነው «ጥቁሩን አሳድገን እንሰጥሃለን፤ እሱን ተወው» አሉት።