አዋሽን የወለደ ጣቢያ እንዴት «ባዶ ቤት» ይባላል?

ሰሞኑን ስለ ትናንሽ ከተሞች ልማት በተደረገ አንድ ውይይት ላይ ከተናጋሪዎቹ አንዱ፣ በአሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ የቀሩት ጣቢያዎች «የከተማ እምብርት ይዘው የተቀመጡ ባዶ ቤቶች» በመሆናቸው ፈርሰው ቦታው ለሕንፃ ቢውል ይሻላል ሲሉ ሰማሁ። አዳራሹም አጨበጨበላቸው። እኔን ያንገበገበኝ ግን ከሁሉ ጣቢያ መርጠው የአዋሽ ከተማን ጣቢያ በምሳሌነት መጥራታቸው ነው።

«ተሳፋሪ የለውምና አገልግሎት አይሰጥም» የሚለው ሙግታቸው መልስ የሚገባው እንኳ አይመስለኝም። ተሳፋሪው የጠፋው ባቡሩ ስለቆመ ነው። ወፍጮውን ነቅሎ ወስዶ «እህል የሚያስፈጭ ጠፋ» ብሎ ቤቱን ለማፍረስ መነሣት ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

ከዚህ የባሰው «እምብርት ይዞ ተቀመጠ» ማለታቸው ነው። ለመሆኑ ማን ነው ማንን መጥቶ የከበበው? ከጅቡቲ የተነሣው ሃዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ጭቅጭቅ ለዓመታት ተገትሮ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ፣ የእንፋሎቱ ባቡር ውኃ የሚቀዳበትና መንገደኛ የሚያርፍበት ሥፍራ እየቆየ ከተማ ሆኗል። ድሬዳዋ ራሷ ሃዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ የተቆረቆረች ናት። ጉዞው ሦስት ቀን በሚፈጅበት ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድር ነበር። ከአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ሆቴል የዚያ አዳር ትሩፋት ነው። ባቡሩ ቆሞ ስላደረ አልጋ የሚያከራይ መጣ፣ አልጋ ስላለ ምግብ የምታበስል መጣች፣ እነርሱ ስላሉ ደግሞ ፍየሉን ነድቶ፣ ወተቱን ይዞ የሚመጣ አርብቶ አደር ገበያ አገኘ። ጣቢያው ትኬት መቁረጫ ብቻ አልነበረም፤ ለአካባቢው ሰው ፖስታ ቤቱም፣ ሰዓቱም፣ የወሬ ምንጩም እርሱ ነበር። ታዲያ ከተማዋን የወለደውን ቤት «የከተማዋን ቦታ ያዘ» ብሎ መክሰስ፣ እናትን በልጇ ቤት ደባል ናት ከማለት በምን ይለያል?

አሮጌው ባቡር እንደገና ይነሣ እያልሁ አይደለም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሃዲድ ከአዲሱ መስመር ጋር እንደማይገጥም አውቃለሁ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣን መሆኑንም አልክድም። ይሁን እንጂ የአዲሱ መስመር ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከከተማ ወጥተው ሜዳ ላይ ተተከሉ። አዲሱ ጣቢያ ያለበት ለቡ ከአሮጌው ጣቢያ ከለገሃር ምን ያህል እንደሚርቅ የአዲስ አበባ ሰው ያውቀዋል፤ የድሬዳዋም ጣቢያ ቢሆን በእግር የሚደረስበት አይደለም። ከተማ የሌለበት ጣቢያ ሻይ የሚያፈላ፣ ሙዝ የሚሸጥ፣ «ባቡሩ አልፏል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው የለውም። እነዚህን የመሰሉ ሕንፃዎች ሠርተን ስናበቃ ሰው ያለበትን ጣቢያ «ባዶ» እያልን እናፈርሳለን!

ሊደረግ የሚገባው ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የአሮጌዎቹ ጣቢያዎች የትኬት መስኮት ተከፍቶ የአዲሱ ባቡር ትኬት ይሸጥበት፤ የባቡሩን ሰዓት የሚጠብቅ አውቶቡስ ከደጃፉ ይነሣ፤ መንገደኛውም ከነልጆቹና ከነጓዙ በጥላው ሥር ይጠብቅ። ይህ የማይቻል ነው የሚሉ ካሉ፣ በተለይ እኚያ ተናጋሪ፣ መኪናቸውን ትተው ሻንጣቸውን ተሸክመው ከድሬዳዋ መሐል ተነሥተው ጎሕ ሳይቀድ አዲሱ ጣቢያ ይድረሱና ከዚያ በኋላ እንነጋገር።