በወንድማማች መሃል ቆጣሪ አይገባም

እኩልነት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ባሕር ዳር፣ እኛ ሱቅ ይምጣ። ሱቁ ድሮ አንድ ነበር። አከራያችን በኮምፔንሳቶ ለሦስት ከፈሉት። ኪራዩ ወዲያው ሦስት ሆነ፤ ቆጣሪው ግን አንድ እንደነበረ ቀረ። አንደኛው ክፍል ጁስ ቤት ነው፣ ሁለተኛው የሴቶች ፀጉር ቤት። ሦስተኛዋን፣ ክፍል ከተባለች፣ እኔ ሰዓት ጠጋኙ ይዣታለሁ።

የመብራቱ ሒሳብስ? ለሦስት፣ እኩል በእኩል። ሲያምር!

እኔ ያለችኝ አንዲት ባለ 10 ዋት አምፖል ናት። በቀን 10 ሰዓት ባበራት በወር 3 ኪሎዋት ሰዓት ብትበላ ነው። የጎረቤቴ ካስክ 1000 ዋት ነው። አንዲት ሙሽራ ሥሩ አንድ ሰዓት ከተቀመጠች፣ አምፖሌ በ10 ቀን የምትበላውን ጨርሳ ትነሳለች። ሦስት ሙሽራ የመጣ ቅዳሜ የእኔም ወር አብሮ ተዳረ ማለት ነው። የጁስ ቤቱን ሁለት ፍሪጆች አላነሳም፤ እነሱ ሌሊትም አይተኙም። ማንጎው እንዳይሞቀው እኔም ድርሻዬን አዋጣለሁ። ጁሱን የምጠጣው ግን በሙሉ ዋጋ ነው። ንግድና ዝምድና አይቀላቀልማ!

ዕቁብ እንኳ ዕጣ የሚወጣበት ቀን አለው።

አንድ ጊዜ ሰይጣን አሳስቶኝ፣ "ለየክፍላችን ትንሽ ትንሽ ቆጣሪ እናስገባ፣ ሁሉም የበላውን ይክፈል" አልኩ። የጁስ ቤቱ ልጅ ክው አለ። "ኧረ ጋሼ! በቤተሰብ መሃል ቆጣሪ ይገባል?" አፈርኩ። ዋናው ቆጣሪም ያለው እሱ ክፍል ነው፣ ከማንጎ ሳጥኖቹ ጀርባ። ቤተሰብ አይደለን፣ ምን ልይ ብዬ እገባለሁ?

ስስት ማየት ያማረው ጣናን ይይ። ከሐይቁ ወደ ጣና በለስ የሚሄደው ውሃ እየተለካ ነው የሚለቀቀው። 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ ውሃ ሲቆጥር ይውላል! ኮረንቲው እኛ ኮምፔንሳቶ ጋ ሲደርስ ነው ነፃ የሚወጣው።

ባለፈው ወር አምፖሌ ተቃጠለች። ሁለት ሳምንት በር ላይ ቁጭ ብዬ በፀሐይ ሠራሁ። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ድርሻዬ አልተነካም። ባለ ካስኳ ብቻ አዘነችልኝ፤ "ጋሼ፣ ለብርሃን እንዲህ መሰሰት ምንድን ነው? ለዓይንዎ አያስቡም?"