መጣ? አልመጣም!

ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ ሳይሆን፣ ጣሪያችን ላይ ሰው ሲራመድ ነቃሁ። የኮንዶሚኒየም ቆርቆሮ ላይ ሰው ሲሄድ እንዴት እንደሚሰማ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጓ! ጓ! ጓ! ከዚያ ጸጥ። ከዚያ መዶሻ። ከዚያ ያ የተባረከ ጥያቄ፤ «መጣ?»

አልጋዬ ውስጥ ሆኜ መረቅኩት። ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት ለቤተሰቡ ምስል ሊያመጣ ዲሽ ሠሪ ጣሪያ ላይ ያወጣ አባወራ ይመረቃል እንጂ አይረገምም። እውነትም ለእሱ መጣለት። የእኔ ሄደ። ማታ ጥርት ብሎ ሲያሳይ ያመሸው ቴሌቪዥኔ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ከጥግ ጥግ ሲያንሸራሽር ዋለ።

ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቅ «ነፋስ ነዋ!» አሉኝ። አምኛለሁ። የጀሞ ነፋስ ባለሙያ ነው። የ13 ቁልፍ ይዞ ነው የሚነፍሰው። ብሎኑን ይፈታል፣ የእኔን ዲሽ ወደ ጎን ገፋ ያደርጋል፣ ቦታው ላይ የሌላ ሰው ዲሽ ይተክላል፣ አጥብቆ አስሮ ይሄዳል። ሲቸኩል ደግሞ ከዲሹ ፊት ያለውን ሲግናል መቀበያ፣ ኤልኤንቢውን፣ ኪሱ ይከተዋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ቤት መስኮቱን ስከፍት የፉሪ ተራራ ፊት ለፊቴ ነው። ተራራው ላይ የቴሌቪዥን ማሰራጫው ማማ ቆሟል። ልጅ ሳለሁ የሠፈራችን አንቴና ሁሉ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ነበር የሚያድረው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በዚህች አገር ስንት ልጅ በአንቴና ያዥነት እንዳደገ የቆጠረ የለም። እኔ አንዱ ነኝ። አባቴ «እንደዚያው! እንዳትነቃነቅ!» ይሉኛል። አንድ እግሬ ደረጃው ላይ፣ አንድ እጄ ዘንጉ ላይ፣ ዜናው እስኪያልቅ እቆማለሁ። ስፖርቱ ሲደርስ ክንዴ ይዝላል። ምስሉ ይንሿሿል። ግን አናሎግ፣ ያ የድሮው ስርጭት፣ ደግ ነበር። በዚያ ሁሉ ሽሽሽ ውስጥም ቢሆን ኳሷን ባናያት እንኳ ሰዎቹ ወዴት እንደሚሮጡ እናይ ነበር።

ዲጂታል ይሉኝታ የለውም። ወይ ጥርት አድርጎ ያሳይሃል፣ ወይ ድርቅ ብሎ ይቀራል። መሐል ላይ የለም።

ጥሩ ጎኑን ደግሞ ማንም ሲያወራው አልሰማም። ድሮ አንድ ጣቢያ ብቻውን ይዞት የነበረው የአየር መስመር በዲጂታል ከአሥር ጣቢያ በላይ ይሸከማል። ያውም ከምድር፣ ከተራራው ማሰራጫ፣ ክንድ በምታህል አንቴና። ብዙ አገሮች አናሎግን ትተው ወደ ዲጂታል ለመዞር ጄኔቫ ላይ ተስማምተው ለአብዛኞቹ ቀን ቆርጠው ነበር፤ ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም.። ታንዛኒያና ኬንያ ቀኑ ሳይደርስ አናሎጋቸውን አጠፉ። እኛም ያን ቀን ሥራ አልፈታንም። ጣሪያ ላይ ነበርን።

እኛ ትልቅ ሕልም ያለን ሰዎች ነን። ተራራ አይመጥነንም። ፉሪን ትተን 36,000 ኪሎ ሜትር ርቃ የተሰቀለች ሳተላይት እናድናለን። ከፊት ለፊት ጎረቤት ጨው ለመበደር አፋር ድረስ የሚሄድ ሰው ብታገኙ የእኛ ብሎክ ነዋሪ ነው። አቅራቢዋ እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጣ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ሰላምታዋ ሰማይ ወጥቶ፣ ሰማይ ወርዶ፣ 72,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው ጀሞ የሚደርሰው። አንድ አራተኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ከሜክሲኮ ጀሞ በታክሲ ከምመጣበት ጊዜ አንጻር አልማረርም።

ናይልሳት ላይ የነበሩት ጣቢያዎቻችን ወደ ኢትዮሳት የዞሩ ሰሞን ትዝ ይላችኋል? የከተማው ዲሽ ሁሉ አንገቱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አዞረ። አንዳንዱ ቤት ግን የዐረቡንም ፊልም ላለማጣት አሮጌውን ሳይነቅል አዲስ ጨመረ። የእኛ ብሎክ 20 አባወራ አለው። ዲሾቹን ስቆጥር 31 ደረስኩ። ሦስቱ ባለቤት የላቸውም፤ ቤታቸውን ሸጠው የሄዱ ሰዎች መታሰቢያ ናቸው።

አሁን ወደ እሑዱ ጀግና ልመለስ። የእኛን ብሎክ የሲግናል አያያዝ ላላየ ሰው ማስረዳት አለብኝ፤ ቅርስ ነውና።

ዲሽ ሠሪው ጣሪያ ላይ ነው። ባል አራተኛ ፎቅ ደረጃው ጋ አንገቱን አውጥቶ ቆሟል። ትልቁ ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ነው። ሚስት ምድር ላይ ያለው ቤታቸው ውስጥ ሪሞት ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ ሲግናሉ ምን ያህል እንደበረታ፣ ሌላው ምን ያህል እንደጠራ ያሳያል። ዋናው ሁለተኛው ነው፤ ኳሊቲ የሚሉት። እሱን አፍጥጣ ታያለች።

«መጣ?» ይላል ሠሪው።

«መጣ ወይ?» ይላል ባል።

«እማ! መጣ ወይ ይልሻል!» ይላል ልጅ።

«አሥራ ሁለት!» ትላለች እናት።

ይህ አሥራ ሁለት ደረጃ በደረጃ ጣሪያ እስኪደርስ ሠሪው ዲሹን ሦስት ጣት አዙሮታል። ሚስት «ስልሳ!» ብላ ትጮኻለች። ልጁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኳስ ጨዋታ እያየ ስለሆነ «ሠላሳ!» ብሎ ያሳልፈዋል። ባል «ሠላሳ ነው ስልሳ?» ይላል። ጥያቄው ይወርዳል። መልሱ ይወጣል። «ስልሳ ነው! እዚያው አቁመው!» ሠሪው ታማኝ ሰው ነው፣ እዚያው ያቆመዋል። ችግሩ፣ ስልሳው ከታች ተነሥቶ ላይ ሲደርስ ዲሹ ያለው ዜሮ ላይ ነው። ዜሮ ላይ አጥብቆ ያስረዋል። ከታች «ጠፋ!» ይባላል። ከላይ «አልነካሁትም!» ይባላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አራቱም ሰዎች ኪሳቸው ውስጥ ስልክ አለ። ግን በስልክ ማንስ ያወራል? ቁም ነገሩ ጉሮሮ ነው።

በዚህ መሐል ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሁሉን አዋቂ በፒጃማ ይወጣል። ዲሹን አያየውም፤ ቴሌቪዥኑንም አያየውም። «ወደ ቀኝ!» ይላል። «የማን ቀኝ?» «የሳተላይቱ!» ሌላው በስልኩ ኮምፓስ ምሥራቅን ሊያሳይ ቆርቆሮው ላይ ወጥቷል። ኮምፓሱ ብረት ላይ መቆሙን ስላወቀ ምሥራቅን በየደቂቃው ይቀያይርለታል። እሱም አብሮት ይዞራል።

በመጨረሻ እናትየዋ፣ የሆዷን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስባ፣ «መጣ!» አለች። ልጁ «መጣ!» አለ። ባል «መጣ! መጣ!» አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። በእኛ ሠፈር «መጣ» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውኃ። በሮች ተበረገዱ። ጀሪካን ከጀሪካን ተጋጨ። አንዷ ሳሙና በፊቷ እያለ ወጣች። በየቤቱ ቧንቧ ተከፈተ። ቧንቧው «ፍስስስ» አለና አየር ተፋ። ሰው ግን ተስፋ አይቆርጥም፤ ከፍቶት ሄደ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውኃው የእውነት ሲመጣ የእኔን ሳሎን ምንጣፍ ከላይ በሚወርድ ውኃ አጠበልኝ። በነጻ። እንግዲህ በአንድ እሑድ ምስሌ ሄደ፣ ምንጣፌ ታጠበ። ከዚህ በላይ ጉርብትና ከየት ይመጣል?

የዝናቡን ጊዜ ደግሞ ብታዩት። ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ የሳተላይቱ ምስል ይሰባበራል፤ ሞገዱ ከባድ ዝናብ ውስጥ ስለሚደክም ነው። ከፉሪ ለሚመጣው ሞገድ ዝናቡ ብዙም አይከብደውም ነበር፤ እሱን ግን ተወት። ሳተላይቱን ዝናቡ እስኪያባራ ሻይ ጠጥቶ መጠበቅ ነው፣ በራሱ ይመለሳል። ጀግናችን ግን ሻይ አይጠጣም። ዣንጥላ ይዞ ይወጣና ዲሹን ያዞረዋል። ዝናቡ ያባራል። ምስሉ አይመለስም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሐል፣ ከጣሪያው ሥር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ። በዚያ ቆርቆሮ ላይ የተመታ ሚስማር ሁሉ የሚያፈሰው እሳቸው ቤት ነው። ያለፈውን ክረምት አልጋቸውን ከጥግ ጥግ ሲጎትቱ አሳለፉት። ኮርኒሱ ጠቁሯል። ሌሊት ተነሥተው ባልዲ ይደፋሉ። ቴሌቪዥን የላቸውም፤ ሬዲዮ ነው የሚሰሙት። ከዚያ ሁሉ ባለዲሽ አንድ ሰው በራቸውን አንኳክቶ «እማማ፣ ቀዳዳውን ልድፈንልዎት» አላለም። እኔም አላልኩም። ይህ ነውር ነው። ነውር ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

የምንኖርበት ቤት በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሙ «የጋራ መኖሪያ ቤት» ነው። ይህን አምኜ አምና በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ ምሰሶ እንትከል፣ አንድ የጋራ ዲሽና ወደ ፉሪ የሚያይ አንድ አንቴና እንስቀል፣ ከዚያ ለየቤቱ ገመድ እናውርድ አልኩ። ሽቦው ሲከፋፈል ሲግናሉ ትንሽ ይደክማል፤ ለእሱ ማጉያ አለው አልኩ።

አንዱ ተነሣ። «እነሱ ድራማ ሲያዩ የእኔ ኳስ ቢደክምስ?» አለ። ተጨበጨበለት። ሌላዋ «የምሰሶው ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?» አለች። ምሰሶ ቁልፍ እንደሌለው ልናገር ስል ሦስተኛው ቀደመኝ። «የእኔ ዲሽ 90 ሴንቲ ነው። የእሱ 60 ነው። በምን ሒሳብ እኩል እናዋጣለን?» ከሁለት ሰዓት በኋላ ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። የሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ጥበቃው ደመወዝ ነበር።

እንግዲህ ምን ላድርግ። ሦስት ቀን ያለ ምስል ቻልኩ። ልጆቹ አልቻሉም። ረቡዕ ማታ እኔም ዲሽ ሠሪ ጠራሁ። እሱ ጣሪያ ወጣ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ደረጃው ጋ ቆምኩ፣ ባለቤቴ ሁለተኛ ፎቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«መጣ?» ብዬ ጮኽኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ! እዚያው!»

ወደ ጣሪያው ዞሬ «መጣ! መጣ!» አልኩ። ከኋላዬ በር ተከፈተ። እማማ ያችኑ ባልዲያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ተመስገን! ውኃው ነው አይደል ልጄ?»

ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ፣ ልክ ከሳቸው ሳሎን በላይ፣ መዶሻው ጀመረ።