ደቻቱ ሲሞላ ማን ይናገራል?

ባለፈው እሁድ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። ወሬው ከአሜሪካ ሬድዮ ተነሳ። እዚያ የሕዝብ ሬድዮ ጣቢያዎች ገንዘብ እያጠራቸው ይሸጣሉ፤ የሃይማኖት ኔትወርኮች ደግሞ ይገዟቸዋል። ይህን እያወራን አንድ የተከበሩ፣ የተማሩ ሰው ጣልቃ ገቡ። «ታዲያ ምን ክፋት አለው? የእኛንም የከተማ ኤፍ ኤም ለሃይማኖት ድርጅት ቢሸጡት መንግሥት ከወጪ ይድናል። ሕዝቡም ግብረ ገብ ይማራል። ደግሞስ ዛሬ ሬድዮ ማን ይሰማል?» አሉ።

ቡናው አልወርድ አለኝ። «ጋሼ፣ ማንም የማይሰማው ከሆነ ገዢው ምን ሊያደርግለት ይገዛዋል?» አልኳቸው። መልስ አልነበራቸውም። ግን ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም። ከዚህም ከዚያም እየሰማሁት ነው።

«ማን ይሰማል» የሚለውን ልጨርሰው። ኬ-ላቭ የሚባለውን የክርስቲያን ሙዚቃ ኔትወርክ የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርኩን ደብሊውፒኤልጄ ጨምሮ ስድስት ጣቢያዎችን በ103.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ሰሚ ለሌለው ነገር ይህን ያህል ብር የሚያወጣ የለም። ሬድዮ ሰሚ እንዳለው ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ገዢው ነው።

ለእኛ ደግሞ ማስረጃው ቅርብ ነው። ከሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ያዙና ቀፊራ ገበያ ውረዱ። እዚያ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት አለች። ሬድዮዋን ከጥላዋ እንጨት ላይ በገመድ አስራታለች። አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ ተቀጥሏል። የባትሪው ክዳን ጠፍቶ በፕላስተር ተይዟል። እጇ ሽንኩርት ይለቅማል፣ ጆሮዋ እዚያ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ፣ ካርድ ሲያልቅ ያቺ ሬድዮ ትሠራለች። «ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው» የሚል ሰው ይህችን እናት ከሰው አልቆጠራትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ድሬ ቆላ ናት፤ ጎርፏ ግን ከደጋ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ላይ ደንገጎ፣ ወደ ሐረማያ በኩል ባለው ተራራ ላይ ይወርዳል። ታች ከተማው ውስጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ይታያል። ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብቻ ሆኖ ተኝቷል፤ ቀን ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ውለዋል። ከዚያ ድንጋይ ከድንጋይ የሚያጋጭ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ድምፁን ስትሰማ ጊዜው አልቋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። አብዛኛው ሰው የተወሰደው ከእንቅልፉ ነው።

ላይ መዝነቡን የሚያውቅ ሰው ግን ሁሌም አለ። ደንገጎን የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ያውቃል። ገበሬው ያውቃል። እነሱ የሚያውቁትን ታች ለተኛው ማን ያድርስ? ስቱዲዮ ውስጥ ስልክ የሚያነሳ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ውሃው የትኛውን ሰፈር ቀድሞ እንደሚመታ፣ የትኛው መሻገሪያ እንደሚዘጋ ማወቅ አለበት። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ መነገር አለበት፤ ደቻቱ ዳር የሚኖረው ሰው የሚናገረው እነዚህን ነዋ! ይህን የሚችለው የከተማው ልጅ ብቻ ነው።

ትልልቆቹ የሃይማኖት ኔትወርኮች እንዲህ አይሠሩም። ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ይዘጋጃል፣ በሳተላይት ይላካል፣ በየከተማው ያለው ማሰራጫ ተቀብሎ ያስተላልፋል። ኬ-ላቭ መላ አሜሪካን ያዳረሰው በዚህ ዘዴ ነው። ከተማው ውስጥ የሚቀረው ምሰሶና ማሰራጫ ነው። ወጪው የሚቀንሰውም ሰው ስለሚቀነስ ነው። «መንግሥት ከወጪ ይድናል» ሲባል ይድናል የተባለው ወጪ ያ ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ልጅ ደመወዝ ነው። እኔ ይህን ቁጠባ አልለውም።

ባዶ ስቱዲዮ ምን እንደሚያመጣ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2002 አይተውታል። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ሚኖት በምትባል ከተማ አሞኒያ የጫነ ባቡር ሌሊት ከሀዲዱ ወጣ። መርዙ በከተማው ላይ ተዘረጋ። አንድ ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታመሙ። ፖሊስ ለአደጋ ጊዜ ወደተመደበው ሬድዮ ደወለ፤ የሚያነሳ ጠፋ። ጣቢያው የሃይማኖት አልነበረም፣ የንግድ ነበር። ለእኔ ለውጥ የለውም። ወንበሩ ላይ ሰው አልነበረም። እኛም የባቡር ከተማ ነን፤ ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልንሰማው አንችልም።

ደግሞስ ለማን ነው የሚሸጠው? በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከድሬዳዋ ነዋሪ ከመቶ ሰባ በላዩ ሙስሊም፣ ከመቶ ሃያ አምስት በላዩ ኦርቶዶክስ ነው፤ ፕሮቴስታንቱም ሌላውም አለ። ሞገዱ አንድ ነው። ለአንዱ በተሸጠ ማግስት ሌላው በገዛ ከተማው ባዕድ ይሆናል። ኤፍ ኤም ሞገድ እንደ ሱቅ ጎን ለጎን እየተሠራ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ ቁጥሩ የተወሰነ ነው፤ አንዴ ከእጅ ከወጣ መመለሱ ዘበት ነው።

እኔ ሃይማኖተኛ ሰው ነኝ። መስጊዱ ሚናራ አለው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል አለው፣ የጸሎት ቤቱም የራሱ መድረክ አለው። ማንም አልከለከላቸውም፣ ሊከለክልም አይገባም። ግብረ ገብን ግን ድሬ ሬድዮ ተሸጦላት አይደለም የምትማረው። እዚህ ክርስቲያኑ «ወላሂ» ብሎ ይምላል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲወጣ ሙስሊሙም ስለቱን ይዞ ከጎረቤቱ ጋር ይወጣል። አቦ፣ ይህን ከየትኛው ኔትወርክ ነው የምንማረው?

አንድ ነገር አልክድም። የከተማ ሬድዮ ስብሰባ ያበዛል። ዜናው በንግግር ተጀምሮ በንግግር ያልቃል። ይስተካከል። አዘጋጁ ይጠየቅ፣ ማይክራፎኑ ወደ ሰፈር ይውጣ። የፕሮግራሙ ጥፋት ሆኖ ሳለ ሞገዱን እንሽጥ ማለት ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሕዝብ ብሮድካስት ይዛው የነበረውን ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ስትሰርዝ የበለጠ የተጎዱት የገጠርና የትንንሽ ከተማ ጣቢያዎች ናቸው። ጋሼ እንደ ጥሩ ነገር ያወሩልን የዚያን ጉዳት ውጤት ነው። ከዚያው አገር ሌላ ታሪክም ነበር፤ እሱን ቢያነሱልን ይሻል ነበር። ታኮማ አካባቢ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጣቢያውን ሊሸጥ ሲል አድማጮች ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግማሽ ዓመት ባልሞላ ጊዜ 7 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው ጣቢያውን አስቀሩት። ኬኤንኬኤክስ የሚባለው እሱ ነው።

የእኛም ሊሸጥ ነው የሚል ሐሳብ ያለው ባለሥልጣን ካለ በቡና ወሬ አያስጀምረው። መጀመሪያ በራሱ በሬድዮው፣ በሦስቱም ቋንቋ ይንገረን፤ ስልክም ይክፈትልን። ያቺ የቀፊራ እናት ደውላ ትመልስለታለች። ማዋጣት ካስፈለገም የእኔ አንድ ሺህ ብር ከዛሬ ጀምሮ ተቀምጣለች።